የአቡ ዳቢው ሳቅ

ባጃጁ ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ሰፈራቸው ኮብልስቶን ሲታጠፍ ሳያት እየሳቀች ነበር። ለባጃጅ ነጂው ስለ ሮለር ኮስተር ትነግረዋለች።

«አንተ ጉድጓድ ውስጥ ስትከተን እንደምንነጥረው አይምሰልህ። እዚያ መጀመሪያ ሆድህ ይወርዳል፤ አንተ ቆይተህ ነው የምትከተለው» ስትለው ሰውየው ከት ብሎ ሳቀ።

አጠገቧ የተቀመጠው ኢዮስያስ አልሳቀም። እጇን ያዘና «ሳዩ፣ አንዴ ስሚኝ» አላት። ድምፁ ደርቋል። ዞር ብላ ልታየው ስትል ነው ድንኳኑን ያየችው።

መጀመሪያ የጎረቤት መሰላት። «እነ ሱሌይማን ቤት ሰው ሞቷል እንዴ?» አለች። ከዚያ በሩን አየች። አባቷ በየዓመቱ ለፋሲካ በገዛ እጁ የሚቀባው አረንጓዴ የቆርቆሮ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ታላቅ ወንድሟ ሰለሞን ጋቢ ደርቦ በሩ ላይ ቆሟል። ጢሙ አድጓል። ሰለሞን ጢሙን ሳይላጭ ከቤት የወጣበትን ቀን አታስታውስም።

ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ።

«ተሽሎታል አላላችሁኝም?» አለች፤ ለማን እንደምትናገር ራሷም አላወቀችም። «ሾርባ ጠጣ አላላችሁኝም?»

ሰለሞን ሲያያት ክው አለ። በዚህ ሰዓት አልጠበቃትም ነበር። ከኋላው ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ወጡ፤ ጋብ ብሎ የነበረው ለቅሶ እንደ አዲስ ተነሳ። «ሳያትዬ፣ አባትሽን ቀበርንብሽ» የሚለው የአክስቷ የእትዬ ራሔል ድምፅ ከሁሉም በላይ ተሰማ። ማን ከባጃጁ አውርዶ እንደደገፋት አላወቀችም። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ግን አንዲት ሴት ዝቅ አድርጋ ያለችው ጆሮዋ ውስጥ ገብቶ ቀረ።

«ምንድን ነው የለበሰችው?»

ሳያት ቁልቁል አየች። ደረቷ ላይ አንድ ነብር ጥርሱን ገልጦ ይስቃል። ቲሸርቱ ቀይ ነው፤ ደማቅ፣ ያላንዳች እፍረት ቀይ። እትዬ ራሔል የራሳቸውን ጥቁር ነጠላ አውልቀው ከአገጯ እስከ ጉልበቷ ሸፈኗት። የሸፈኗት ከብርድ አልነበረም። ሳያት ያን ጊዜ ከሐዘኑ ቀጥሎ የተሰማት እፍረት ነው፤ ያ ደግሞ ከሐዘኑ ይልቅ አቃጠላት።

*

ነገሩ የታሰበው እንዲህ አልነበረም። ሰለሞን ከሰዓት አውሮፕላን ማረፊያ ሄዶ ሊቀበላት፣ እትዬ ራሔል ቤት ሊያሳድራት፣ ሲነጋጋ ሽማግሌዎች ገብተው መርዶውን ሊነግሯት ነበር። ሰው አባቱ መሞቱን እንዲህ ነው የሚሰማው፤ ተደግፎ፣ ሰው ተሰብስቦለት። ግን አዲስ አበባ ላይ የጠዋቱ በረራ ቦታ ተገኘና ቀድመው መጡ። ኢዮስያስ ወደ ሰለሞን ስልክ ደጋግሞ ቢደውል የሚያነሳ ጠፋ። «መጀመሪያ እኛ ቤት ቁርስ እንብላ፣ እናቴ ትጠብቀናለች» ብሎ ሊያዘገያት ሞከረ። እሷ ግን አባቴን ሳላይ እህል አልቀምስም አለች።

አሁን ቤት ውስጥ ፍራሽ ላይ ከእናቷ ከወይዘሮ ተዋበች ጎን ተቀምጣለች። ጥቁር አልብሰዋታል። ሰው ይገባል፣ ይለቀሳል፣ ሰው ይወጣል። አባቷ መምህር አሰፋ ከደብረ ታቦር መጥቶ ሐዋሳ ላይ ጂኦግራፊ ሲያስተምር ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነው፤ ከተማው ግማሹ «ቲቸር» እያለ ነው የሚጠራው። ድንኳኑ ውስጥ የሚያለቅሱት ወንዶች ብዙዎቹ በልጅነታቸው ካርታ ፊት አቁሞ ወንዝ ያስቆጠራቸው ናቸው።

እሷ ግን ዓይኗን በጨፈነች ቁጥር የምታየው አባቷን አይደለም። አቡ ዳቢን ነው።

ከኢዮስያስ ጋር ያደጉት በአንድ ሰፈር ነው፤ የተዋደዱት ግን ሃይደራባድ ነው። እሷ ፋርማሲ፣ እሱ ኮምፒዩተር ሊማሩ ሕንድ ሄዱ። እዚያ የሰፈር ልጅ ማለት ወንድም ማለት ነው፤ ቀስ እያለ ከወንድምነት አለፈ። እናቱ ወይዘሮ አባይነሽ ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች ባንዱ አልጋ እያነጠፉ ብቻቸውን ያሳደጉት፣ እሑድ ጠዋት ጊታር ተሸክሞ ጸሎት ቤት የሚሄድ ልጅ ነው። ሰለሞን ወሬው ሲደርሰው በስልክ የተናገረው ባጭሩ ነው። «ጴንጤ እዚህ ቤት አይገባም። ያ ልጅ ስምሽን እንዳይጠራ።» አባቷ ደግሞ አልተቆጣም፣ አልፈቀደምም። «ስትመጪ እናወራለን» ብሎ ብቻ ዘጋ።

ስትመጪ እናወራለን። ይኸው መጣች።

ከሕንድ የተነሳችው «አባዬ ትንሽ አሞታል፤ ሊያይሽ ፈልጓል» ተብላ ነው። አውሮፕላን ልትሳፈር ስትል ደግሞ ተሽሎታል አሏት። ኢዮስያስም የእረፍት ጊዜዬ ነው ብሎ አብሯት ተነሳ። አቡ ዳቢ ላይ ትራንዚቱ ከጠዋት እስከ ማታ ነበር። ገና ከአውሮፕላኑ ሲወርዱ እጁን ዘረጋላት።

«ስልክሽን ስጪኝ።»

«ለምን?»

«ዛሬ ማንም አይደውልልን፣ ማንም አይጻፍልን። አንድ ቀን እኔና አንቺ ብቻ እንሁን።»

እንዲህ ያለ ቃል ከኢዮስያስ አፍ አይወጣም። ሳያት ስልኳን ሰጠችው። የትራንዚት ቪዛውንም ቀድሞ ጨርሶት ኖሯል። ታክሲ ይዞ ወደዚያ ትልቅ መዝናኛ ፓርክ ሲያስገባት፣ ይሄ ዝም ብሎ የመጣ ነገር አይደለም፣ ዛሬ ይጠይቀኛል አለች በልቧ።

ሁለቱንም ስልክ የዕቃ ማስቀመጫ ሎከር ውስጥ ቆለፈና ቁልፉን እጁ ላይ አሰረው። ሮለር ኮስተር የሚወጣ ሰው ኪሱን ባዶ ማድረግ አለበት።

«አንተ ከፍታ ትፈራ የለም እንዴ? የሰፈራችንን ታቦር ተራራ እንኳ ዓይንህን ጨፍነህ አይደል የወጣኸው?»

«ዛሬ አልፈራም» አለ።

ባቡሩ ሽቅብ እየተንቋቋ ወጣ፤ ጫፉ ላይ ለአፍታ ቆመ፤ ከዚያ ለቀቃቸው። ሳያት ጮኸች፤ ጩኸቷ መሃል ላይ ወደ ሳቅ ተለወጠ፤ ሳቁ እንባ አመጣ። ዓይኗን ስትገልጥ ኢዮስያስ ፊት ለፊት አያይም። ያ ሁሉ ቁልቁለት ከፊቱ ተዘርግቶ እሱ የሚያየው እሷን ነበር፤ ሰው ሊለየው ያለውን ነገር እንደሚያይ። እሷ ግን ፍቅር ነው ብላ አነበበችው።

«ድገመኝ» አለችው። ደገማት። ሌላውን ጨመረላት። ሊያርፍ ሲገባው አላረፈም፤ ከአንዱ ሰልፍ ወደ ሌላው እየጎተተ አዞራት። ምሳ ሲበሉ ድንቹን በሹካ ሲገፋ ጊዜ ሳቀችበት።

«የምትለውን በል እንጂ ኢዮስ። ጉሮሮህ ላይ ቆሞ እያየሁት ነው።»

«ሐዋሳ ስንደርስ» አለ።

«ሐዋሳማ ሰለሞን አለ።»

«ቢኖርም። አጠገብሽ ነኝ።»

ለአንዲት ሴት ከዚህ በላይ ምን ይባላል? ቀኑን ሙሉ ያን ቃል እንደ ከረሜላ አፏ ውስጥ ስታገላብጠው ዋለች። ስልኳን ስትጠይቀውም መልሱ ያው «ሐዋሳ ስንደርስ» ነበር።

ወደ ማታ ገደማ የተሳፈሩበት የመጫወቻ ጀልባ ውሃ ውስጥ ሲወረወር ከራስ ፀጉሯ እስከ ጫማዋ ራሰች። ሻንጣዋ ደግሞ በቀጥታ ወደ አዲስ አበባ ተልኳል። ፓርኩ ውስጥ ካለው ሱቅ ልብስ ሊገዛላት ገባ። ቆይቶ ስታየው አንድ ጥቁር ቲሸርት ይዞ እንደ ሐውልት ቆሟል።

«ጥቁሩን ተውና ቀዩን አምጣልኝ» አለችው ከወዲያ ሆና። «ለቅሶ ቤት ነው እንዴ የምንሄደው?»

ኢዮስያስ ፊቱ አመድ መሰለ። ጥቁሩን ወደ ቦታው ለመመለስ ብዙ ጊዜ ፈጀበት። አጥፎ አስቀመጠው፣ መልሶ አነሳው፣ እንደገና አጠፈው። ቀዩን ይዞላት ሲመጣ ፈገግ ሊል ሞክሮ ከንፈሩ እምቢ አለው።

ያኔ ብርድ መስሏት ነበር። አሁን ፍራሹ ላይ ተቀምጣ ያቺን አንዲት ጥቁር ቲሸርት ስታስብ ሁሉም ነገር ግልጥ አለላት። ያውቅ ነበር። አባቷ አፈር ለብሶ እሷ በሰማይ ላይ እየተወረወረች ስትስቅ፣ አጠገቧ ያለው ሰው ያውቅ ነበር። ከአባቷ ሞት ቀጥሎ ሁለተኛ ሰው የሞተባት መሰላት።

*

ባጃጅ ነጂው ምን ያድርግ? ተራው ላይ ሆኖ የሰማውን አወራ። በማግስቱ ወሬው ፒያሳ ካፌዎች ደርሶ ወደ ድንኳኑ ተመለሰ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይንሾካሾካሉ።

«አባቷ መሬት ሳይሞቀው ልጅቷ ዥዋዥዌ ስትጫወት ነበር አሉ።»

«ከማን ጋር?»

«ከአባይነሽ ልጅ ጋር ነዋ። ከጴንጤው።»

ሰለሞን ጓዳ ጠራት። ዓይኑ ቀልቷል፤ ከለቅሶም ከቁጣም ነው።

«እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ነገ ድንኳኑ ይነሳል። ከመነሳቱ በፊት ዘመድ ሁሉ ባለበት ቆመሽ አንድ ነገር ትናገሪያለሽ። እኔ ምንም አላውቅም ነበር፣ እሱ ግን እያወቀ አታሎ ወሰደኝ፣ ከዛሬ ጀምሮ አላውቀውም ትያለሽ። በቃ። አንቺ ነፃ ትወጫለሽ፣ የአባዬም ስም ይነጻል።»

«ያውቅ እንደነበር አንተ በምን አወቅክ?»

ሰለሞን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ማን የማያውቅ ነበር? ሁሉም ያውቅ ነበር» ብሎ ወጣ።

ከሰዓት ኢዮስያስ ከእናቱና ከጸሎት ቤቱ ሰዎች ጋር ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ሰለሞን ከተቀመጠበት ተነስቶ ድንኳኑ አፍ ላይ ቆመ።

«አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ለቅሶ ልደርስ ነው ጋሽ ሰለሞን።»

«ደርሰሃል። ይበቃሃል።»

ደመኛ እንኳ ቢሆን ለቅሶ የመጣን ሰው ከደጅ የመለሰ በዚያ ሰፈር ታይቶ አይታወቅም። ወይዘሮ አባይነሽ ነጠላቸውን አስተካከሉና «እኔ ቲቸር ያስተማረልኝን ልጅ ይዤ ነው የመጣሁት። እንግዲህ ቆሞ የሚያለቅስበት መሬት አይታጣም» ብለው ከጸሎት ቤቱ ሰዎች ጋር ገብተው ተቀመጡ። እነሱን ማንም አልነካቸውም። ኢዮስያስ ግን ወጥቶ ከመንገዱ ማዶ የጎረቤት አጥር ሥር ያለች ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ጀርባውንም አልሰጠ፣ አልሄደም። ፀሐዩ ሲያገኘው አልተነሳም። ሰው ሲያልፍ ገልመጥ ቢያደርገውም አንገቱን አልደፋም።

ሳያት በመስኮቱ አየችው። እንደማየው ያውቃል አለች በልቧ። እያወቀ ነው የተቀመጠው። ልቧ ሁለት ቦታ ሆነ፤ አንዱ ሊያባርረው ይሻል፣ ሌላው ጥላ ሊያበጅለት።

*

ተነሳች።

«ወዴት ነሽ?» አሉ እትዬ ራሔል። «ሐዘንተኛ ከፍራሽ ተነስቶ መንገድ አይወጣም።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ። እወጣለሁ።»

ድንኳኑን አቋርጣ ስታልፍ ወሬው ሁሉ ተቋረጠ። መንገዱን ተሻገረች። ኢዮስያስ ከድንጋዩ ተነሳ። መሃላቸው አንድ ክንድ ያህል ክፍተት ነበር፤ ሁለቱም አልደፈሩትም።

«ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሃይደራባድ። ከመነሳታችን በፊት።»

እንዲክድ ፈልጋ ኖሯል፤ ቢክድ ይቀላት ነበር።

«አባቴ መቼ እንደሚሞትብኝ የምትወስነው አንተ ማነህ?»

«ማንም አይደለሁም።»

«እኔ ስጮህ፣ ስስቅ፣ ድገመኝ ስልህ፣ አንተ ቁጭ ብለህ እያየኸኝ በልብህ ምን ትል ነበር? ምስኪን፣ አባቷ ሞቶ እንዲህ ትሆናለች ነበር የምትለው?»

«አንዴ ብቻ ትድገም ነበር የምለው» አለ። «ይቺን አንዴ ብቻ ትሳቅ። ከዚያ እነግራታለሁ እያልኩ ቀኑ መሸ።»

«ለምን ፓርክ? አገሩ ሁሉ ጠፍቶ ለምን መጫወቻ ቦታ?»

ኢዮስያስ እጁን ራሱ ላይ አደረገ። «ኤርፖርቱ ዋይፋይ አለው ሳዩ። ፌስቡክ ከፍተሽ ቢሆን መጀመሪያ የምታይው የቲቸርን ፎቶ ነበር። ተማሪዎቹ ሁሉ ነፍስ ይማር እያሉ ገጹን ሞልተውታል። የብረት ወንበር ላይ ቁጭ ብለሽ፣ የሚደግፍሽ በሌለበት፣ ሻንጣ የሚጎትት ሰው በላይሽ እየተራመደ፣ መርዶውን በስልክ ልትረጂ ነበር። ስልክ የማይያዝበት ቦታ ፈለግኩ። ያ ብቻ ነው የታየኝ። ትስቂያለሽ ብዬ አላሰብኩም። ስትስቂ ግን አላስቆምኩሽም። ጥፋት ከሆነ ጥፋቴ እሱ ነው፤ ሌላ የለኝም።»

«ማን ነገረህ?»

ኢዮስያስ ጎንበስ ብሎ ሱሪው ላይ ያለውን አቧራ አራገፈ።

«ኢዮስያስ፣ ማን ነው የነገረህ?»

«አደራ ነው። አትጠይቂኝ።»

«በኔ አባት ሞት ከኔ የሚደበቅ አደራ?»

«ቢሆንም አደራ ነው» አለ። ድምፁ ተሰበረ እንጂ ቃሉ አልተሰበረም።

ሳያት ልትጠላው ነበር መንገዱን የተሻገረችው። ጥላቻውን ልታቀብለው ይዛው መጥታ የምታሳርፍበት አጣች። ግባም አላለችው፣ ሂድም አላለችው። ስትመለስ የሰፈሩ ዓይን ሁሉ ጀርባዋ ላይ ነበር፤ የተሰማት ግን የአንድ ሰው ዓይን ብቻ ነው።

*

በማግስቱ ጠዋት ድንኳኑ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ፤ የቤተሰቡም ፍራሽ ወደዚያው ወጥቷል። የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ብርሃኔ፣ የአባቷ የድሮ ባልደረባ፣ ኮፍያቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው የመጣውን ሁሉ አመሰገኑ። ኢዮስያስ እንደ ትናንቱ ከመንገዱ ማዶ ነው። ሰለሞን ጉሮሮውን ጠራረገ።

«እህቴ ዘመድ ፊት የምትለው ነገር አላት» አለ።

ሳያት ተነሳች። የተባለችውን ታውቀዋለች፤ በጥቂት ቃላት ያልቃል። ትላለች፣ ትቀመጣለች፣ ሁሉም ያቅፋታል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ ያን ሰው መንገድ ላይ ስታየው ራሷን ታዞራለች።

«አቡ ዳቢ ነበርኩ» አለች። ድምጿ የሷ አልመሰላትም፤ ግን ጠንክሮ ወጣ። «የተወራው እውነት ነው። አባቴ ተቀብሮ እኔ ሮለር ኮስተር ላይ ነበርኩ። ቀይ ለብሼ የመጣሁትም ከዚያው ነው። አታለለኝ በዪ ተብያለሁ።»

«ሳያት» አለ ሰለሞን።

«አንዴ አስጨርሰኝ። ያታለሉኝን ልናገር። እትዬ ራሔል፣ ዛሬማ ቁጭ ብሎ ጨዋታ ይዟል ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ሰለሞን፣ ሾርባ ጠጣ ያልከኝ አንተ ነህ። ያን ጊዜ አባዬ መቃብር ውስጥ ነበር። አልተቀየምኳችሁም። ብቻዋን እንዳትሰማ ብላችሁ ነው፤ ወጉ ነው። ግን እናንተ ስትደብቁኝ ወግ የሆነው ነገር፣ እሱ ሲደብቀኝ ወንጀል የሚሆነው ለምንድን ነው? ጸሎት ቤት ስለሚሄድ ነው?»

አንድ ሰው ሊያስል ብሎ ተወው።

«ደግሞ ስለ ሳቁ ነው አሉ ሰፈሩ የሚያወራው። አዎ፣ ስቄያለሁ። እስኪያመኝ ነው የሳቅኩት። አባት ያላት ልጅ ሆኜ የሳቅኩት የመጨረሻው ሳቅ እሱ ነው፤ ከእንግዲህ ዕድሜዬን ሙሉ የምስቀው አባት እንደሌላት ሰው ነው። ያቺን አንድ ቀን ማንም አያስጥለኝም። አላፍርባትም። ሐጢአት ናት የሚል ካለ ይበል፤ እኔ ግን ይቅርታ አልጠይቅባትም።»

ትንፋሽ ወሰደች።

«አሁን አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ። እሱ ሃይደራባድ ሆኖ የአባዬን ሞት ማን ነገረው?»

ሰለሞን ጋቢውን ሳበ። መሬት መሬት ያያል። ከፍራሹ በኩል የወይዘሮ ተዋበች ድምፅ ወጣ። በለቅሶ ብዛት ስለተዘጋ ሰው ሁሉ ሊሰማቸው ወደፊት አዘነበለ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «የደወለው ሰለሞን ነው፤ ያስደወልኩት እኔ ነኝ። ልጄ ባዕድ አገር በስልክ ሰምታ እንዳትወድቅብኝ፣ አደራ በለው አልኩ። ስልኳን ንጠቃት በለው። የፈለገው ቦታ ይውሰዳት፣ እንደፈለገው ያድርግ፣ ብቻ ተደግፋ ትምጣልኝ አልኩ። አመጣልኝ።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንተ ደግሞ እኛ መለመናችንን ለማንም እንዳይተነፍስ አስማልከው። ስታስምለው በሩ ሥር ቆሜ ሰምቼሃለሁ። ትናንት ስታባርረውም አፍ ያጣሁት ሐዘኑ ደቁሶኝ ነው እንጂ ረስቼው አይደለም።»

«እማዬ፣ ሰው ፊት…» አለ ሰለሞን።

«ሰው ፊት አይደል ያባረርከው?»

ሳያት የቀረውን አልሰማችም። ወደ ድንኳኑ በር መራመድ ጀምራለች።

«ሳያት» አለ ሰለሞን ከኋላዋ፤ «ከዚያ በር ከወጣሽ…»

«ወጥቼ እመለሳለሁ» አለች ሳትዞር። «ቤቴ ነው።»

ኢዮስያስ ስትመጣ አይቶ ተነስቶ ነበር። ቀርባ እጁን ያዘችው፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ። እጁ በረዶ ነው።

«ሳዩ፣ ተይ» አለ ዝቅ አድርጎ። «በቲቸር ለቅሶ ላይ ጠብ አይሁን። እኔ እዚህ ይበቃኛል።»

«እኔን አይበቃኝም።»

«ወንድምሽ…»

«የታዘዝከውን ጨርሰሃል። ያን ሁሉ ቀን ስታባብለኝ አንዴ እንኳ አላለቀስክም። እሱ ያንተም ቲቸር ነበር። ና፣ አሁን ለራስህ አልቅስ።»

ይዛው ገባች። ሰዉ ግራና ቀኝ እግሩን እየሰበሰበ አሳለፋቸው። ለቅሶ ደራሽ ከሚቀመጥበት አግዳሚ አሳልፋ፣ የቤተሰቡ ፍራሽ ላይ፣ በእናቷና በራሷ መካከል አስቀመጠችው። ወይዘሮ ተዋበች ነጠላቸውን ሰብስበው ቦታ ለቀቁለት። ሰለሞን ተነሳ። ወደ ድንኳኑ ሌላ ጫፍ ሄዶ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ። ተከትሎት የተነሳ ሰው አልነበረም፤ ሄዶ ያባበለውም የለም።

የስንብቱ ሰልፍ ተጀመረ። ከፊት ያሉት ጋሽ ብርሃኔ ናቸው። ጎንበስ ብለው የወይዘሮ ተዋበችን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። ቀጥሎ ያለው ኢዮስያስ ነው። ሽማግሌው ቀና ብለው ቆሙ። አልፈውት ወደ ሳያት መሄድ ይችላሉ፤ ድንኳኑ ሙሉ የሚጠብቀውም ያን ነበር። ሳያት ዓይኗን ዓይናቸው ላይ ተከለች። ቢያልፉት እሷም እጇን እንደማትሰጣቸው ፊቷ ላይ ተጽፎ ነበር።

ጋሽ ብርሃኔ ልጁን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ጎንበስ አሉና እጁን ያዙ።

«እግዚአብሔር ያጽናህ ልጄ» አሉ።

ለቤተሰብ የሚባል ቃል ነው። ኢዮስያስ የሽማግሌውን እጅ ሳይለቅ ግንባሩን አስደገፈበት። ከሃይደራባድ ጀምሮ አፍኖት የመጣው ሁሉ አንዴ ገንፍሎ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ወይዘሮ ተዋበች ጀርባውን ያዙለት። ሳያት አላለቀሰችም። አንገቷን ቀጥ አድርጋ፣ ተራው የደረሰውን ሰው ሁሉ፣ አጠገቧ ላለው ለኢዮስያስም «ያጽናህ» ሳይል እንዳያልፍ፣ ዓይን ዓይኑን ታየው ነበር።